ልብ ወለድ ስትሉ ምን ማለታችሁ ነው?

አንድ ባለሥልጣን ስሙ በክፉ ሲነሣ «ይህ ተራ ልብ ወለድ ነው» ብሎ ያስተባብላል። ጠበቃም የተቃራኒውን ወገን ምስክር «ድርሰት ይዞ መጣ» ይለዋል። እንዲህ ያለ ንግግር በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። አርታኢ ነኝ፤ ዕድሜዬን የፈጀሁት የሰው ረቂቅ በማረም ነው። በእጄ ካለፉት ልብ ወለዶች ደካማ ነበሩ፣ አሰልቺ ነበሩ፣ ባይጻፉ የሚሻላቸውም ነበሩ። ውሸት የምላቸው ግን ጥቂት ናቸው፤ እነሱም ባለሥልጣኑ ባሰበው ምክንያት አይደለም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ልብ ወለድ ለመጻፍ ለተነሣችሁ፣ ወይም ማንበብ ብቻ ለምትወዱ ወጣቶች ነው።

ውሸታም ከእናንተ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ የሚናገረው ነገር ተደርጓል ብላችሁ እንድትቀበሉት። ለዚህም ሲል ፈጠራውን ይደብቃል። ልብ ወለድ ጸሐፊ ግን ያልነበረ ሰው ስም ጠርቶ ያልተደረገ ነገር ሊነግራችሁ እንደሆነ ገና ከሽፋኑ ያሳውቃችኋል። የሚደብቀው ነገር የለውም። እንግሊዛዊው ፊሊፕ ሲድኒ ከሞተ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1595 በታተመ ጽሑፉ ለገጣሚዎች ጠበቃ ሆኖ ሲከራከር፣ ገጣሚ ምንም ነገር «እንዲህ ሆኗል» ብሎ ስለማያረጋግጥ ከቶ አይዋሽም ይላል። ክርክሩ ትንሽ የጠበቃ ብልጠት አለበት፤ መሠረቱ ግን አይነቃነቅም።

ቃሉም ቢሆን የሚያሳፍር ትውልድ የለውም። በአማርኛ ልብ የሚያፈቅርና የሚያዝን ብቻ አይደለም። «ልብ በል» ስንል አስተውል ማለታችን ነው፤ አስተዋዩ ልባም ይባላል፣ የማያመዛዝነው ልበ ቢስ። እንግዲህ ከልብ የተወለደ ማለት አፍ እንዳመጣ የተቀባጠረ ማለት ሊሆን አይችልም። (ባንኮች ይህንኑ «ወለድ» የሚለውን ቃል መውሰዳቸው ሁልጊዜ ያስቀኛል፤ እውነትን በዋናነት ተቀብሎ ጨምሮ የማይመልስ ልብ ወለድ እኔም አይጥመኝም።) አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው መጽሐፍ፣ የወጣው «ልብ ወለድ ታሪክ» በሚል ርእስ ነበር። ሁለቱ ቃላት ጎን ለጎን ሲቆሙ አንዱ ሌላውን አላባረረውም። ላቲኑን ያየን እንደሆነም ፊክሽን የሚለው ቃል የወጣበት «ፊንጌሬ» የሚባል ግስ ጭቃን ዳስሶ ቅርጽ መስጠት ማለት ነው። ማስመሰል የሚል ትርጉምም አለው፤ ስለዚህ ጥርጣሬው የዛሬ አይደለም።

ይሁንና ልብ ወለድን ልብ ወለድ የሚያደርገው ውል ነው። ተረት ነጋሪ «ከዕለታት አንድ ቀን» ሲል በሦስት ቃል የአድማጩን ጆሮ ይለውጠዋል። ከዚያ ወዲያ ጅብ ቢናገር «ጅብ ይናገራል እንዴ?» ብሎ የሚከራከር ሕፃን የለም። ይኸው ሕፃን ግን ዋሻ ውስጥ ተዘግቶበት የነበረው ጅብ ድንገት ወንዝ ዳር ውኃ ሲጠጣ ቢገኝ «እንዴት ወጣ?» ብሎ ነጋሪውን ያፋጥጠዋል። ያልተደረገውን ፈቅዷል፤ ያልተያያዘውን አልፈቀደም። የልብ ወለድ ሕግ ምን እንደሆነ ለማወቅ የምትፈልጉ ሁሉ ከዚህ ሕፃን ጋር ጥቂት ብትቀመጡ ከብዙ የጽሑፍ ሥልጠና ይበልጥ ትጠቀማላችሁ።

ውሉን ማፍረስም ይቻላል። ዳንኤል ዴፎ እ.ኤ.አ. በ1719 የሮቢንሰን ክሩሶን ታሪክ ሲያሳትም በርእሱ ገጽ ላይ የራሱን ስም አላወጣም፤ «በራሱ በባለታሪኩ የተጻፈ» የሚል ነው የሰፈረው። መቅድሙ ደግሞ ነገሩ እውነተኛ የድርጊት ታሪክ እንደሆነ፣ የልብ ወለድ መልክም እንደማይታይበት ለአንባቢ ያስረግጣል። ያ መርከበኛ፣ ያ የደሴት ኑሮ፣ ያ የዕለት ማስታወሻ የዴፎ ፈጠራ ነው። ለዘመኑ ሰበብ የሚሰጡለት አሉ፤ እኔም እሰጠዋለሁ፤ ያኔ እንዲህ ያለ ረጅም የስድ ንባብ ፈጠራ ገና የራሱ መደርደሪያ አልነበረውም። ዛሬ ግን የፈጠራችሁትን ነገር «ግለ ታሪክ» ብላችሁ ብታሳትሙ ሰበብ የሚሰጣችሁ አታገኙም፤ መገኘትም የለበትም። በእጄ ካለፉት ውስጥ ውሸት ያልኳቸው እነዚህን ነው። ከውስጥ ያለው ዓረፍተ ነገር አንድ ቃል ሳይለወጥ፣ ሽፋኑ ላይ ያለው ስያሜ ብቻ አንዱን ልብ ወለድ፣ ሌላውን ማጭበርበር ያደርገዋል።

አሁን ብዙዎቻችሁ የምትሰናከሉበት ቦታ ላይ ደረስኩ። ረቂቅ አንብቤ «ይህ አላሳመነኝም» ስል የሚመጣልኝ መልስ አንድ ዓይነት ነው፤ «ግን እኮ በእውነት የሆነ ነው!»

አንድ ወጣት ያመጣልኝ ረቂቅ በልጅነታቸው የተለያዩ ሁለት ወንድማማቾችን የሚተርክ ነበር። ፍለጋው መጽሐፉን ይሞላዋል፤ ይጠያየቃሉ፣ ይሳሳታሉ፣ ተስፋ ይቆርጣሉ። በመጨረሻው ምዕራፍ ታላቅየው አደጋ ደርሶበት ሆስፒታል ይገባል፣ ደም ያስፈልገዋል፣ ሌላ በሽተኛ ለመጠየቅ በኮሪደሩ የሚያልፍ ሰው ልስጥ ይላል፤ ያ ሰው ታናሽ ወንድሙ ሆኖ ይገኛል። ጠርዙ ላይ የጥያቄ ምልክት አኖርኩ። ጸሐፊው ተቆጣ። ነገሩ በአጎቶቹ ላይ የደረሰ ነበር፤ ቀኑን፣ የሐኪሙን ስም፣ ሁሉንም ነገረኝ። አመንኩት። ረቂቁን ግን አሁንም አላመንኩትም።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። በሕይወት ግጥምጥሞሽ ሲደርስ የምንጠረጥረው ሰው የለም፤ ተገርመን «የፈጣሪ ሥራ ነው» ብለን እናልፋለን። በልብ ወለድ ውስጥ ግን ፈጣሪው ማን እንደሆነ ይታወቃል፤ ሥራውን ለመጨረስ የቸኮለ ጸሐፊ ነው። አንባቢ ታናሽየውን በእጁ እየጎተተ ኮሪደሩ ላይ ያቆመውን ሰው ያየዋል። አርስቶትል ስለ ሥነ ግጥም በጻፈው መጽሐፍ የታሪክ ጸሐፊ የሆነውን ሲናገር ገጣሚው ሊሆን የሚችለውን ይናገራል ብሎ ሁለቱን ለይቷቸዋል። እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ወጣቶች የሚዘሉት አንድ ሐሳብ አለ፤ ሊሆን የማይችል ሆኖ የሚታመን ነገር፣ ሊሆን የሚችል ሆኖ ከማይታመን ነገር ይመረጣል ይላል። የሚናገረው ጅብ ከፊተኛው ወገን ነው፤ ደም የሰጠው ወንድም ከኋለኛው።

ከተጨቃጨቅን በኋላ ግጥምጥሞሹን ከመጨረሻው ምዕራፍ አንሥተን መጀመሪያው ገጽ ላይ አደረግነው። አንባቢ ታሪክ እንዲጀመር አንድ ዕድል አይነፍግም፤ የሚነፍገው በዕድል እንዲያልቅ ነው። ፍለጋው በሙሉ ወጣ። ወንድማማቾቹ ገና ከመነሻው ተገናኙ፤ ከዚያስ? ደም ከመለዋወጥ በቀር ምንም የማይተዋወቁ ሁለት ጎልማሶች ወንድም መሆን ይችላሉ? ጸሐፊው ይህን ለመጠየቅ ወደ አጎቶቹ ሄደ። ስለ ሆስፒታሉ ቀን አውርተው የማይጠግቡት ሰዎች ከዚያ በኋላ ስላለው አንድ ቃል ሊነግሩት አልወደዱም። ስለዚህ መፍጠር ግድ ሆነበት።

በአዲሱ ረቂቅ ውስጥ አንድ ቦታ ነበረ። ታላቅየው ከሆስፒታል ሊወጣ ሲል ታናሽየው ንጹሕ ሸሚዝ ይዞለት ይመጣል፤ የራሱ ሸሚዝ ነው፣ ተተኩሷል። ታላቅየው አመስግኖ ይቀበለዋል፣ በጥንቃቄ ያጥፈዋል፣ አልጋው ላይ ያስቀምጠዋል፣ ከዚያም አደጋው ቀን የለበሰውን፣ ደሙ የደረቀበትን ሸሚዝ መልሶ ይለብሳል። ታናሽየው የበሩን እጀታ ይዞ ይጠብቀዋል። ስለ ኩራት ወይም ስለ ቂም አንዲት ቃል የለችም። ይህ ነገር በአጎቶቹ ላይ አልደረሰም፤ በማንም ላይ እንደደረሰ አላውቅም። የመጽሐፉ ሁሉ እውነት ያለው ግን እዚያ ሸሚዝ ላይ ነው። እዚያ ቦታ ላይ የጥያቄ ምልክት አላደረግሁም።

ከዚህ ተነሥታችሁ «እንግዲያው መረጃ አያስፈልግም» እንዳትሉ ፈራሁ። ከዓለም የተዋሳችሁትን ነገር እንዳለ መመለስ አለባችሁ። በአንድ የፍቅር ታሪክ ውስጥ ሁለት ወጣቶች እኩለ ሌሊት ላይ በቀጭን አዲስ ጨረቃ ብርሃን ይሄዳሉ፤ ጨረቃዋ አናታቸው ላይ ናት። ቀጭን ጨረቃ ፀሐይን ተከትላ የምትጠልቅ ወይም ከፀሐይ ጥቂት ቀድማ የምትወጣ ናት፤ እኩለ ሌሊት ላይ ከአድማስ በታች ናት። ትንሽ ነገር አይደለችም። ሰማይን አይቶ የሚያውቅ አንባቢ እዚያ ላይ ይቆማል፤ ጨረቃዋን ያላየ ጸሐፊ ልጅቷንም በቅጡ አላያትም ብሎ ይጠረጥራል፤ ብዙ ጊዜም አይሳሳትም። ጨረቃ ባለ ሁለት ቀለም የሆነችበት ዓለም ብትፈጥሩ ማንም አይከሳችሁም፤ የኛዋን ጨረቃ ከተጠቀማችሁ ግን በሰዓቷ አውጧት።

ልብ ወለድ ከታሪክ መጽሐፍ ያነሰ ነው ወይ የሚለው ክርክር ያረጀ ነው። በ11ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ጃፓናዊቷ የቤተ መንግሥት እመቤት ሙራሳኪ ሺኪቡ ይህንኑ ክርክር ልብ ወለዷ ውስጥ አስገብታዋለች። ዝናቡ ማባሪያ ባጣበት ወቅት አንዲት ወጣት ቤት ተቀምጣ ተረኮችን ታነባለች፣ ትገለብጣለች። ልዑል ጌንጂ ይመጣና ሴቶች ለመታለል የተፈጠሩ ይመስላል እያለ ያሾፍባታል። እርሷ ግን ውሸት የለመደ ሰው እንዲህ ሊያስብ ይችላል ብላ ትመልስለታለች። እሱም አፍሮ ይሁን አስቦበት ቃሉን ያጥፋል፤ የመንግሥት ዜና መዋዕል የሚያሳየው የነገሩን አንድ ጎን ብቻ ነው፣ ዝርዝሩ የሚገኘው ከተረኮቹ ነው እያለ መከራከር ይጀምራል። እኔን የሚያስደንቀኝ ሙራሳኪ ይህን ክርክር ፍቅር ላይ እምነት በማይጣልበት ሰው አፍ ማኖሯ ነው። ስለ ልብ ወለድ እውነት የሚናገረው ራሱ ቀጣፊ ነው፤ እኛም እናምነዋለን።

ታሪክ ጸሐፊ ደብዳቤና ሰነድ ካላገኘ ንጉሡ በዚያች ሌሊት ምን እንዳሰበ ሊጽፍ አይችልም፤ ከጻፈም ሙያውን ጥሷል። ልብ ወለድ ጸሐፊ ከንጉሡ ራስ ወጥቶ በር ወደሚጠብቀው ወታደር ራስ ለመግባት የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። ይህ ሥልጣን ሌላ የትኛውም ጽሑፍ የለውም። ታዲያ ብዙ ወጣት ጸሐፊዎች ሥልጣኑን ተሰጥቷቸው ሳለ ባለታሪካቸው ምን እንደለበሰና ምን እንደተናገረ ብቻ ለምን እንደሚነግሩኝ አይገባኝም። ካሜራ ያን ይችላል።

አንባቢዎች ለሆናችሁት የምለው አጭር ነው። ጸሐፊ ስታገኙ «ባለታሪኩ አንተ ነህ ወይ?» አትበሉት። «ነኝ» ቢላችሁ ምን ታተርፋላችሁ? መጽሐፉ እኮ ስለ እናንተ ሊሆን ይችል ነበር።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ እሱም የመጀመሪያው ስሕተት ግልባጭ ነው። «እውነት ነው» እያሉ ከሚሟገቱት ጎን ለጎን «ልብ ወለድ እኮ ነው» እያሉ ከኃላፊነት የሚሸሹ አሉ። ፊልም መጨረሻ ላይ «ገጸ ባሕርያቱ ምናባዊ ናቸው፤ ከእውነተኛ ሰው ጋር ቢመሳሰሉ አጋጣሚ ነው» የሚል ጽሑፍ አይታችሁ ይሆናል። ይህ ጽሑፍ የተስፋፋው ከአንድ ክስ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 በሩሲያ ቤተ መንግሥት ተሰሚ ስለነበረው ፈዋሽ ነኝ ባይ ስለ ራስፑቲን የተሠራ አንድ የሆሊውድ ፊልም በእርሱ የተደፈረች ልዕልት ያሳያል፤ ስሟ በፊልሙ ናታሻ ነው። የመጨረሻው የሩሲያ ንጉሥ የእኅት ልጅ፣ ከራስፑቲን ገዳዮች የአንዱ ሚስት የሆነችው ኢሪና ዩሱፖቭ ግን ሰው እኔን እንደሆነ ያውቃል ብላ በእንግሊዝ ፍርድ ቤት ከሰሰች። ስሙ ተለውጧል፤ ዳኞቹ ግን በስም መለወጥ አልተታለሉም። 25,000 ፓውንድ ተፈረደላት፤ በ1934 ይግባኙም አልጠቀመም።

ስለዚህ አክስታችሁን ስትጽፉ ስሟን ከአስቴር ወደ አልማዝ ብቻ አትለውጡ። ሥራዋን፣ ዕድሜዋን፣ የልጆቿን ቁጥር፣ የተጣላችበትን ምክንያት ለውጡ። መጀመሪያ አክስታችሁን ለመሸፈን ብላችሁ ትጀምሩታላችሁ፤ ጥቂት ቆይታችሁ ግን አዲሲቱ ሴት አክስታችሁ ልትናገረው የማትችለውን ነገር ስትናገር ታገኟታላችሁ። ያን ጊዜ አትመልሷት፤ ተከተሏት። ለውጣችሁም አክስቴ ታውቀኛለች የሚል ሥጋት ካልለቀቃችሁ ወደ ጠበቃ ሂዱ፤ እኔ ዓረፍተ ነገር እንጂ ክስ አላርምም።