መልስ፦ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣው የአድሚኒስትሬተር (የአስተዳዳሪ) አካውንት ይሰረዝ ወይ?
ድሬዳዋ፣ ከዚራ ባለው ቢሯችን የኮምፒውተሮቹ ደኅንነት ሲፈተሽ «አድሚኒስትሬተር የሚባል አካውንት ተገኝቷል» ተባልን፣ ልሰርዘው ወይ ብለው ለጠየቁት፦

ሊሰረዝ አይችልም፤ ዊንዶውስ ሲጫን አብሮ የሚፈጠር ነው። ማንም እንዳይገባበት መዘጋቱን ግን ያረጋግጡ። በትእዛዝ መስኮቱ (ኮማንድ ፕሮምፕት) ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል «ኔት ዩዘር አድሚኒስትሬተር» ብለው ይጻፉ፤ «አካውንት አክቲቭ» በሚለው መስመር ላይ «ኖ» ካለ ዝግ ነው። ክፍት ከሆነ ይዝጉት፤ በቅድሚያ ግን የአስተዳዳሪነት መብት ያለው ሌላ አካውንት መኖሩን ይዩ፣ አለበለዚያ ሥራዎ ሊቆም ይችላል። ስሙን መቀየር ብቻውን ከጥቃት አያስጥልም፤ ዊንዶውስ የሚሰጠው መለያ ቁጥር ምንጊዜም በ500 ስለሚያልቅ አዋቂ ሰው ለይቶ ያገኘዋል።

እኔን ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ ራውተሩና የደኅንነት ካሜራው መቅጃ ናቸው። ከፋብሪካ የመጡበት የይለፍ ቃል ብዙ ጊዜ በመመሪያቸው ላይ ታትሞ ለማንም ይገኛል። እባክዎ ዛሬውኑ ይቀይሩት!