ቴፕ ከመግዛትህ በፊት ሜትር ያዝ፦ የመኪና ቴፕ ጥያቄና መልስ

ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ላይ የመኪና ኤሌክትሪክ ስሠራ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ከደጀን እስከ ዳንግላ፣ ከሞጣ እስከ ቡሬ ያላችሁ ሾፌሮችና ባለመኪኖች ስለ ቴፕ የምትጠይቁኝ በዝቷል። ዛሬ አንድ ላይ ልመልስ። ከመጀመራችን በፊት ግን ሁለት ነገር ያዙልኝ። ዳሽቦርድ አትቁረጡ። የመኪናውን ሶኬት አትቁረጡ። ይህን ዛሬ ደጋግሜ እላለሁ።

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም)፦ ጋሼ፣ ለእኔ መኪና የትኛው ቴፕ ይሆናል?

መልስ፦ የምን መኪና? የስንት ሞዴል? ቀዳዳው ስንት በስንት ነው? ይህን ሳላውቅ የምመልስልህ የለኝም። ለካና ተመለስ።

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ፣ ባለ ያሪስ)፦ ሻጩ «ለሁሉም መኪና ይሆናል» ብሎ ሸጠልኝ። ስገጥመው ግራና ቀኙ ክፍት ሆኖ ቀረ። ቴፑ ችግር አለበት?

መልስ፦ ቴፑ ምንም አልሆነም። መጠኑ ነው የተሳሳተው። ይቺን ነገር ሁሉም ሰው ቢያውቃት ደስ ይለኛል፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልንገርህ።

ዲን የምንለው መለኪያ ከጀርመን የመጣ ነው። ኋላ ዓለም አቀፍ ሆነ። ነጠላ ዲን ማለት 180 በ50 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ነው። ድርብ ዲን ቁመቱ እጥፍ ነው፤ 180 በ100። ገበያ ላይ «ለሁሉም ይሆናል» የሚባለው ድርብ ቴፕ ፊቱ 178 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ቶዮታ ግን ለብዙ መኪኖቹ የራሱን ስፋት ያዘ፤ 200 በ100። የአንተም ያሪስ እንደዚያ ነው የሚመስለው። ከ200 ላይ 178 ስትቀንስ 22 ይቀራል። ግራ 11፣ ቀኝ 11። ያየኸው ክፍተት እሱ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ለዚሁ የተሠሩ ሁለት ቀጫጭን የጎን ፕላስቲኮች አሉ፤ ከፍሬም (ቴፑን ከዳሽቦርዱ ጋር ከሚያገጥመው የፊት ክፈፍ) ጋር ይሸጣሉ። ካርቶን አትጠቅጥቅበት። ስፖንጅም አትክተትበት። ፒስታ ላይ ሁለት ቀን ስትነዳ ይወድቃል፤ ቴፑም ይንቀጠቀጣል።

አደጋው በተቃራኒው ሲሆን ነው። 200 ፊት ያለውን ቴፕ 180 ቀዳዳ ውስጥ ላስገባ ስትል ሴጌቶ ታነሳለህ። አንድ ደንበኛዬ ሌላ ከተማ ላይ እንዲህ ተሠርቶለት መጣ። ዳሽቦርዱ እንደ ዳቦ ተቆርሷል። የዚያን ፕላስቲክ መልክ ልመልስለት አልቻልኩም። መኪናውን ሲሸጥ ገዢው መጀመሪያ ያየው እሱን ነው። አትቁረጡ የምለው ለዚህ ነው።

ባለ 9 እና ባለ 10 ኢንች አንድሮይድ ሌላ ነገር ነው። ስክሪኑ ትልቅ ነው፤ ከኋላ ያለው አካሉ ግን ቀጭን። ራሱን ችሎ የትም አይገጥምም። ለመኪናው ሞዴልና ዓመት ተብሎ የተሠራ ፍሬም ይፈልጋል። ስለዚህ ፍሬሙን በእጅህ ሳትይዝ ቴፑን አትግዛ። ብዙ ሰው ይህን ገልብጦ ነው የሚሠራው።

አስተያየት (የዲዛየር ሾፌር)፦ አንድሮይድ ካልሆነ ምን ዋጋ አለው? ካርታ አለ፣ የኋላ ካሜራ አለ።

አስተያየት (የአባዱላ ሾፌር፣ ባሕር ዳር–ማርቆስ)፦ እኛ ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ነን። ስክሪን እየነካኩ መንዳት ሰው ያስጨርሳል። ቁልፍ ያለው ቴፕ ሳላይ በእጄ አገኘዋለሁ።

አስተያየት (የዲዛየር ሾፌር)፦ መሪ ላይ ባለው ቁልፍ ማዘዝ ይቻላል እኮ።

አስተያየት (የአባዱላ ሾፌር)፦ የእኔ መሪ ላይ ቁልፍ የለም፣ ወንድሜ።

መልስ፦ ሁለታችሁም ለራሳችሁ ሥራ ልክ ናችሁ። እኔ ለሕዝብ ማመላለሻ ቁልፍ ያለውን ነው የምመክረው። ወደ ጥያቄው እንመለስ።

ጥያቄ (እህታችን፣ ከባሕር ዳር)፦ ቪትዝ ላይ አዲስ ቴፕ አስገጠምኩ። ሠራተኛው ሽቦውን ቀለም በቀለም አገናኘው። ቁልፍ ሳዞር ቃጠሎ ሸተተኝ፤ ከዚያ ወዲያ ድምፅ የለም። ምንድን ነው የሆነው?

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ይህን ሁሉም ሰው ያንብበው፤ ከሁሉም በላይ ልነግራችሁ የምፈልገው ነገር ነው።

ከገበያ የምንገዛው ቴፕ የራሱ የቀለም ቋንቋ አለው። ቢጫው ሁልጊዜ ከባትሪ ኤሌክትሪክ የሚያገኝ ነው። ቀዩ ቁልፍ ሲዞር ብቻ የሚያገኝ። ጥቁሩ ማሳ፣ ማለትም ኔጌቲቩ ነው። ነጭ፣ ግራጫ፣ አረንጓዴና ሐምራዊ የአራቱ ስፒከሮች ናቸው። ጥቁር መስመር ያለበት የስፒከሩ ኔጌቲቭ ነው።

የብዙዎቹ ቶዮታዎች ቋንቋ ግን ሌላ ነው። ከባትሪ በቀጥታ የሚመጣው ሰማያዊ ላይ ቢጫ መስመር ያለበት ነው። ቁልፍ ሲዞር የሚመጣው ግራጫ ነው። ማሳው ቡኒ ነው። ቀይና ነጭ የኋላ ቀኝ ስፒከር፣ ጥቁርና ቢጫ የኋላ ግራ ስፒከር ናቸው።

አሁን አስቢው። ግራጫውን ከግራጫ ሲያገናኙት፣ ቁልፍ ስታዞሪ 12 ቮልት ሙሉውን በቴፑ የስፒከር መውጫ ገባ። የድምፁን ክፍል የሚያቃጥለው ይህ ነው። የሸተተሽ እሱ ነው የሚሆነው። ጥቁሩን ከጥቁር ሲያገናኙት ደግሞ ቴፑ ማሳ አገኘ ብለው አሰቡ፤ ያገኘው ግን ስፒከር ነው።

መድኃኒቱ አስማሚ ሶኬት ነው። ባንድ ጎኑ የቶዮታውን ባለ 10 እና ባለ 6 እግር ሶኬት ይቀበላል፤ በሌላው ጎኑ ከቴፑ ሽቦ ጋር ይያያዛል። የመኪናው ሽቦ አይነካም። ነገ የፋብሪካውን ቴፕ ልመልስ ብትዪ ሰክተሽ ትሄጃለሽ። አስማሚ ጠፋ ከተባለ ደግሞ በቴስተር እየለኩ ነው የሚሠራው፤ ቀለም እያዩ አይደለም። የመኪናውን ሶኬት አትቁረጡ።

አንድ ጨምሬ። ሽቦ ጠምዝዞ ናስትሮ መጠቅለል ሥራ አይደለም። የዓባይ በረሃ ሙቀት ሙጫውን ያቀልጠዋል፤ ናስትሮው ይላቀቃል። በስታኞ ይበየድ ወይም በማያያዣ በደንብ ይጨመቅ።

አስተያየት (ከዳንግላ፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ)፦ ጋሼ፣ ስታኞ በንቅናቄ ይሰበራል ይባላል። መጨመቁ አይሻልም?

መልስ፦ ጥሩ ብለሃል። የተበየደበት ቦታ ይደርቃል፤ ሽቦው የሚሰበረው ከዚያ ጫፍ ላይ ነው። ጨምቀህ ከሠራህ ደግሞ ትክክለኛውን ፒንሳ ያዝ። በጥርስ የሚጨምቁ አይቻለሁ። ሁለቱም መንገድ ይሠራል፤ ሽቦውን አስረህ እንዳይወዛወዝ ካደረግከው።

ጥያቄ (ከቢቸና)፦ ቴፑ ሞተር ባጠፋሁ ቁጥር ሰዓትና ጣቢያ ይረሳል።

መልስ፦ ቢጫና ቀዩ ተለዋውጠዋል። ቀያይራቸው። ሁለቱን አንድ ላይ አስሮ ከባትሪ የሚያገናኝም አለ፤ እሱን አታድርግ። ጠዋት ባትሪህ ባዶ ይሆናል።

ጥያቄ (የአይሱዙ ሾፌር፣ ከቡሬ)፦ በቆሎ የምጭንበት ኤንፒአር ላይ ቴፕ ማስገባት እፈልጋለሁ። መኪናው 24 ቮልት ነው። ጓደኞቼ ከአንዱ ባትሪ 12 ውሰድ ይሉኛል።

መልስ፦ አትውሰድ! ሁለቱ ባትሪዎች በተከታታይ ነው የታሰሩት። በሁለቱም የሚያልፈው የመሙያ ኤሌክትሪክ እኩል ነው። አንተ ግን ከአንዱ ብቻ ትበላለህ። የምትበላበት ሁልጊዜ ይጎድላል። ሌላው ከልክ በላይ ይሞላል፤ ይፈላል፣ ውኃው ያልቃል። መጨረሻ ላይ ሁለቱም ይሞታሉ።

አስተያየት (ሌላ የአይሱዙ ሾፌር)፦ እኔ እንዲያ አድርጌ ሁለት ዓመት ነድቻለሁ። ምንም አልሆነም።

መልስ፦ በሁለት ዓመት ውስጥ ባትሪ ቀይረሃል?

አስተያየት (ያው ሾፌር)፦ አንዱን ቀይሬያለሁ። አሮጌ ነበር።

መልስ፦ እሱ ነው የምልህ። ከ24 ወደ 12 መቀነሻ ግዙ። ለአንድ ተራ ቴፕ ቢያንስ 10 አምፔር የሚችል ይሁን። አምፕሊፋየርና ቤዝ ካላችሁ የእነሱም ተደምሮ ይታሰብ። ያለ መቀነሻ 24 ላይ የተሰካ የ12 ቴፕ ወዲያው ነው የሚሄደው። ደግሞም ሁለት ባትሪ ያለው ሁሉ 24 አይደለም። አንዳንድ ላንድክሩዘር ሁለት ባትሪ ጎን ለጎን አስሮ 12 ነው። በቴስተር ለክታችሁ እወቁ።

ጥያቄ (አንድ አባት፣ ከሞጣ)፦ የድሮ ዲኤክስ አለችኝ። ሬዲዮኗ ግራና ቀኝ ሁለት መዞሪያ ያላት ናት። አዲስ ቴፕ ይገባላታል?

መልስ፦ አባቴ፣ የእርስዎን መኪና አክብረው ይያዙልኝ። የዚያ ዘመን ቀዳዳ በሁለቱ መዞሪያዎች ልክ የተሠራ ስለሆነ ነጠላ ዲን ቴፕ ሳይቆረጥ አይገባም። እኔ የማደርገውን ልንገርዎት። አዲሱን ቴፕ ከዳሽቦርዱ በታች በብረት መያዣ አንጠለጥለዋለሁ። አሮጌው ሬዲዮ በቦታው ይቀመጣል። ያ የፊት ፕላስቲክ ዛሬ ቢፈለግ በቀላሉ አይገኝም።

ጥያቄ (ከእንጅባራ)፦ ያገለገለ የጃፓን ቴፕ ገዛሁ። ሁሉም ይሠራል፤ ባሕር ዳር ኤፍ ኤም ግን አይመጣም።

መልስ፦ አይመጣም። ጃፓን ኤፍ ኤም ከ76 እስከ 90 ሜጋ ኸርዝ ነው፤ አዲሶቹ እስከ 95 ይደርሳሉ። የእኛ ከ87.5 እስከ 108 ነው። ባሕር ዳር ኤፍ ኤም 96.9 ላይ ነው ያለው፤ ቴፕህ እዚያ አይደርስም። በአንቴናው መስመር ላይ የሚገባ ሞገዱን ዝቅ የሚያደርግ ዕቃ አለ። ግን ስክሪኑ የሚያሳይህ ቁጥርና የጣቢያው ቁጥር አይገጥምም። ብትቀይረው ይሻላል።

አስተያየት (የአባዱላ ሾፌር)፦ 96.9 እኮ ለእኔ ዳንግላን ሳልፍ ይቆራረጣል።

አስተያየት (ከእንጅባራ)፦ እኔ ዘንድ በጎረቤቴ መኪና ጥርት ብሎ ይመጣል።

አስተያየት (የአባዱላ ሾፌር)፦ ኮሶበር (እንጅባራ) ከፍታው ላይ ሆነህ ነዋ። ቁልቁል ስትወርድ ሞክረው።

መልስ፦ የኤፍ ኤም ሞገድ ቀጥታ ነው የሚሄደው፤ ተራራ ይጋርደዋል። ስለዚህ ሁለታችሁም ያያችሁትን ነው የተናገራችሁት። አባዱላው ላይ ግን አንቴናውን እየው። መሰኪያው ዝጎ ወይም ላልቶ ከሆነ ዳንግላም ሳትደርስ ይቆራረጣል።

ጥያቄ (ከደጀን)፦ ዋጋው ስንት ነው?

መልስ፦ ዋጋ አልናገርም። በየሳምንቱ ይለወጣል።

ጥያቄ (ያው ከደጀን)፦ የእጅ ፍሬን ካልተያዘ ቴፑ ፊልም አያሳይም፤ እየነዱ እንዲታይ የእጅ ፍሬኑን ሽቦ እንዴት ላድርገው?

መልስ፦ ይህን አላስተምርም። የዓባይን በረሃ በየቀኑ የምትወርድ ሰው ነህ።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ሳጥኑ ላይ «50 ዋት በ4» ይላል። ለቤዝ ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። 50 የሚለው ለቅጽበት የሚደርሰው ጫፍ ነው። እውነተኛው ለአንድ ስፒከር ከ20 ዋት ብዙም አይዘልም። ቤዝ የራሱን አምፕሊፋየር፣ የራሱን ወፍራም ሽቦና ከባትሪው አጠገብ የራሱን ፊውዝ ይፈልጋል። የተቃጠለ ፊውዝ በብርማ ወረቀት (ፎይል) መጠቅለልም ይቅር። መኪና ያቃጥላል።

ጥያቄ (ከአዴት)፦ ጋሼ፣ ለእኔ መኪና የትኛው ቴፕ ይሆናል?

መልስ፦ ይህ ጥያቄ ከላይ ተመልሷል። ሜትር ያዝ፣ ለካ።

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም፣ የመጀመሪያው ጠያቂ)፦ ለካሁ ጋሼ። ቶዮታ ኮሮላ፣ የ2006 ሞዴል። ቀዳዳው 200 በ100 ነው። ወደ ውስጥ 17 ሴንቲ ሜትር ያስገባል። ከኋላ ባለ 10 እና ባለ 6 እግር ሶኬት አለው።

መልስ፦ እንዲህ ነው መጠየቅ! ተባረክ። ፊቱ 200 በ100 የሆነ ቴፕ ግዛ፤ ፍሬም አያስፈልግህም። ሲዲ የሚበላ ቴፕ ጥልቀቱ 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ለሽቦው የሚተርፍህ አንድ ሴንቲ ብቻ ይሆናል፤ ተጨንቆ ይታጠፋል። ሲዲ የሌለውን ያዝ፤ አጠር ይላል። አስማሚ ሶኬቱን አብረህ ግዛ።

ስትጀምር የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀል። ቢጫ ሶኬት ካየህ የኤርባግ ነው፤ አትንካው። የፊቱን ፕላስቲክ በፕላስቲክ መፈልቀቂያ አንሳ፤ ካቻቢቴ ይፍቀዋል። በኃይል አትሳበው፤ የአደጋ መብራቱ ማብሪያ ከኋላ በሽቦ ሊያያዝ ይችላል። የአሮጌውን ቴፕ የጎን ብረቶች ፈትተህ ለአዲሱ ተጠቀምባቸው። ብሎኑ ከ8 ሚሊ ሜትር አይርዘም፤ ከረዘመ ገብቶ ቦርዱን ይወጋል። ፕላስቲኩን ከመዝጋትህ በፊት ባትሪውን መልስና አራቱንም ስፒከር አንድ በአንድ አድምጣቸው።