የድሮ በር ቀለም ማስለቀቅ፦ ለከዚራዋ እህት፣ በሩን ከግቢ እንዳታስወጪ

ሰላም እህቴ። ድሬዳዋ ከዚራ ያለው የእናትሽ ቤት በርና መስኮት ቀለም ተደራርቦበት አልዘጋ ብሏል፣ እስከ እንጨቱ ላስለቅቀው ወይስ በላዩ ላስቀባበት፣ አናጢው ኮስቲክ ሶዳ (ያ ቀለም የሚበላ ኃይለኛ ኬሚካል) ይሻላል ብሎኛል ነው ያልሽው። ከላይ የመለሱልሽን አነበብኩት፣ ግማሹ ፍሌክሲብል (ያ የሚሽከረከር የኤሌክትሪክ መፋቂያ) አስመቺበት በአንድ ቀን ይጸዳል ይላል። አቦ ተይ! የራሱ በር ስላልሆነ ነው እንደዛ የሚለው። እኔም ከዚራ ነው ያደግኩት፣ አያቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር፣ ቤታችን ያንቺው ዓይነት ነው፣ ከፍ ያለ ጣሪያ፣ ወፍራም ግድግዳ፣ ረጃጅም የእንጨት መዝጊያ ያላቸው መስኮቶች። ባቡሩ ድሬ የገባው እኤአ በ1902 ነው፣ ከዚራን የሠራው የባቡሩ ኩባንያ ነው፣ ከዛ ወዲህ ቤቱ ውስጥ የገባ ሁሉ የበፊቱን ሳይፍቅ ደርቦበት ነው የሄደው። የኛ ላይ አረንጓዴ፣ ስሩ ግራጫ፣ ስሩ ክሬም፣ ከሱም ስር ቡናማ ነበር። ስለዚህ መልሴ አስለቅቂው ነው፣ ግን እንዴት የሚለው ላይ ነው ነገሩ።

1ኛ. ኮስቲክ ሶዳውን እርሺው። በተለይ በሩን ወርክሾፕ ወስጄ በርሜል ውስጥ ነክሬ አመጣልሻለሁ ካለሽ ጭራሽ እሺ እንዳትዪው። የኛው አናጢም እንደዛው ነበር ያለኝ፣ አይሆንም እዚሁ በረንዳ ላይ ነው የምትሠራው አልኩት፣ እሺ አለ፣ ተስማማን፣ ቀብድ ሰጠሁት። እኔ ሐረር ለቅሶ ወጥቼ ስመለስ የሳሎኑ በር የለም! ወንድሜን አሳምኖ በጋሪ ጭኖ ወስዶታል። ሲያመጣው ቀለሙማ ለቋል፣ አልዋሽሽም፣ ከሩቅ ስታዪው ንጹህ ነው። ጠጋ ስትዪ ግን እንጨቱ ጠቁሯል፣ ፊቱ ጸጉር አውጥቷል፣ መሀል ያሉት ጣውላዎች በእጅ ሲነኩ ይንቀጫቀጫሉ። የድሮ አናጢ በእንስሳ ሙጫ ነው የሚያጣብቀው፣ ሙጫውን ደግሞ ሶዳው አሟሙቶ ነው የሚያወጣው። እሱ ግን ምንም አይደለም ቫርኒሽ ሲነካው ያምራል ብሎ ሳያጥበው ቀባው። ሶዳ እንጨት ውስጥ ከገባ በኋላ በደንብ በውሃ ታጥቦ በአቼቶ ካልተገደለ እዛው ነው የሚቀመጠው፣ ትንሽ ቆይቶ በቫርኒሹ ስር ነጭ ጨው ብቅ ብቅ አለ፣ ከዛ ቫርኒሹ እየተላጠ መርገፍ ጀመረ። ገንዘቤን መልስ ስለው እንጨቱ አርጅቶ ነው አለኝ። መቶ ዓመት ያልተነቃነቀ በር እሱ እጅ በገባ በወሩ አረጀ!

ላመለክት አንድ ቢሮ ሄድኩ፣ የቱ እንደሆነ አልናገርም። ሰውየው ስልኩን እየነካካ ቀና ሳይል "ለበር ነው የመጣሽው?" አለኝ። አዎ ለበር ነው። አያቴ በዛ በር ገብቶ ወጥቶ ነው ያረጀው፣ አስከሬኑም የወጣው በሱ ነው። ነገ ነይ፣ ሳምንት ነይ፣ ኃላፊው ስብሰባ ነው፣ በመጨረሻ ውል አለሽ ወይ ተባልኩ። በቃል የተስማማሽው ነገር እዛ ቦታ ዋጋ የለውም፣ ስለዚህ ባንድ ወረቀት ላይም ቢሆን "በሩ ከግቢ አይወጣም፣ ሶዳ አይነካውም" ብለሽ አስፈርሚው። በኋላ መጋላ ሰፈር አንድ ሽማግሌ አናጢ አገኘሁ፣ እግዜር ይስጣቸው፣ በውሃና በአቼቶ ደጋግመው አጥበው፣ ጥላ ስር አድርቀው፣ ፈታተው እንደገና አጣበቁት። አዲስ በር የሚያሠራ ብር ነው የወጣበት፣ ጥቁረቱ ግን እስከዛሬ አለቀቀም።

2ኛ. ፍሌክሲብሉም ሆነ ደረቅ ብርጭቆ ወረቀት የማይሆንበት ምክንያት አቧራው ነው። የድሮ የዘይት ቀለም ውስጥ እርሳስ አለ፣ ሊድ የሚሉት። አሜሪካ ለቤት ቀለም የከለከለችው እኤአ በ1978 ነው፣ እኛ ጋ ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) በላይ እንዳይኖር የሚለው ደንብ የወጣው እኤአ በ2018 ነው፣ ስለዚህ ያንቺ በር ላይ ያለው የታችኛው ቀለም አለበት ብለሽ ተነሺ። ልጆች አሉ ብለሻል አይደል? እርሳስ የልጅ አእምሮ ነው የሚጎዳው፣ ትንንሾቹ ደግሞ መሬት የነካ እጃቸውን አፋቸው ይከታሉ። በድሬ ነፋስ አንድ በር በፍሌክሲብል ስታስፍቂ አቧራው ጎረቤት ድረስ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ልጆቹን አክስታቸው ጋ ላኪያቸው፣ መሬቱ ላይ ወፍራም ላስቲክ አንጥፊ፣ የተፋቀውን ሰብስበሽ አስረሽ ጣይ፣ በመጥረጊያ አትጥረጊ፣ በእርጥብ ጨርቅ ነው የሚነሳው። የሠራሽበትን ልብስ ለብቻው እጠቢ። ማስኩም ያ ስስ የኮሮና ጊዜው አይደለም፣ ማጣሪያ ያለው ነው መሆን ያለበት።

3ኛ. እኔ የሠራሁት በሂት ጋን ነው፣ ትኩስ አየር በሚነፋው ማሽን። በአንድ ቀን ያልቃል አልልሽም፣ ጊዜ ይፈልጋል፣ ግን የኔን መስኮቶች መጥተሽ ብታያቸው ፎቶ ከማነሳልሽ ይሻላል። ሙቀቱን ከ500 ዲግሪ በታች አድርጊው፣ ወደ 600 ሲጠጋ እርሳሱ ራሱ መትነን ይጀምራል፣ የጋዝ እሳት የማይሆነውም ለዚህ ነው፣ እንጨቱንም ያከስለዋል። ቀለሙ ምጣድ ላይ እንዳለ እንጀራ ዓይን ሲያወጣ ያኔ በስፓቱላ ወደ እንጨቱ ጭረት አቅጣጫ ግፊው፣ የስፓቱላውን ጥግ በሞረድ አዶልድሚው አለዚያ ይቧጭርልሻል። መስታወት ካለ በካርቶንና በፎይል ሸፍኚ፣ ይሰነጠቃል። ሂት ጋን እስከ 2000 ዋት ይስባል፣ ከእንጀራ ምጣዱ ጋር በአንድ ሶኬት እንዳትሰኪው፣ በቀጭን ማራዘሚያም አይሆንም። ሰዓቱ ደግሞ ከጠዋቱ 12 እስከ 4 ነው፣ ከዛ በኋላ በድሬ ፀሐይ ሂት ጋን ይዞ መቆም ራስን መግደል ነው፣ ሠራተኛም ከምሳ በኋላ ጫት ቤት ስለሆነ አታገኚውም።

ጥጋ ጥጉና ቅርጻ ቅርጹ ላይ ሂት ጋን አይገባም፣ እዛ ላይ የቀለም ማስለቀቂያ ፈሳሽ ተጠቀምኩ። ስትገዢ ጽሁፉን አንብቢ፣ ሜቲሊን ክሎራይድ የሚል ካለ ተዪው፣ ዝግ ክፍል ውስጥ የሠሩበት ሰዎች ሞተውበታል፣ አሜሪካኖቹም እኤአ በ2019 ለተራ ሰው እንዳይሸጥ አድርገዋል። የሌላውም ቢሆን በረንዳ ላይ ይሁን፣ በኛ ሙቀት ቀብተሽ ሳትጨርሺ ይደርቃል፣ ስለዚህ ወፈር አድርገሽ ቀብተሽ ወዲያው በላስቲክ ሸፍኚው። ይሄን ሻጩ አይነግርሽም፣ ደርቆ አልሠራም ስትዪ ሌላ ቆርቆሮ ይሸጥልሻል።

ደሞ ከመጀመርሽ በፊት ሁለት ነገር እዪ። ጥጥ አልኮል ነክረሽ ቀለሙን እሺው፣ ከለቀቀና ጥጡ ላይ ከወጣ የላይኛው የውሃ ቀለም ነው፣ ካልነቃነቀው ዘይት ነው። ሌላው የበሩን ታች በቢላ ጫፍ ወጋ ወጋ አድርጊ፣ ምስጥ የበላው ከሆነ ቀለሙ ነው ይዞ ያቆመው፣ ስትፍቂው አብሮ ይወርዳል። የኛ የኩሽናው በር እንደዛ ስለነበር አልነካሁትም፣ ታጥቦ ተቀባ በቃ።

ማጠፊያና እጀታውን ፈትተሽ በማትፈልጊው ድስት በሳሙና ውሃ ቀቅይው፣ ቀለሙ ራሱ ይላቀቃል፣ የኛ እጀታዎች ነሐስ መሆናቸውን ያየነው ያኔ ነው፣ እናቴ እንኳን አታውቅም ነበር! ድስቱ ግን ተመልሶ ማድ ቤት አይገባም።

መጨረሻ ላይ እንጨቱን የተልባ ዘይት ካጠጣሽው ያምራል፣ ግን ዘይቱን የጠረግሽበትን ጨርቅ ጠቅልለሽ ጥግ እንዳታስቀምጪ፣ ያለ ክብሪት በራሱ ይነዳል፣ በድሬ ሙቀት ደግሞ ይብሳል። ዘርግተሽ ውጪ አድርቂው ወይ ውሃ ውስጥ ክተቺው።

አንዷ ደግሞ ከታች ሐረር ጀጎል ውስጥ ያለ ቤትስ ብላ ጠይቃለች። እሱ ሌላ ነው፣ ጀጎል እኤአ ከ2006 ጀምሮ ዩኔስኮ መዝገብ ላይ ያለ ነው፣ ሳትጠይቂ አንድ ሚስማር እንዳትነቅዪ፣ ፈቃዱንም በቃል ሳይሆን በማህተም ተቀበዪ። የህንድ ነጋዴዎቹ ቤት ዓይነት ቅርጽ የተቀረጸበት የእንጨት ሰገነት ከሆነማ የሽቦ ብሩሽ የሚባል ነገር አጠገቡ አይድረስ።

እህቴ የበሩን ታችና የማጠፊያውን ጎን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝና ልየው። ሂት ጋኑ እኔ ጋ አለ፣ ሰፈርሽ ቅርብ ስለሆነ መጥተሽ ውሰጂው፣ ላንቺ ነው የምሰጠው ግን፣ ለአናጢው አይደለም።