መልስ፦ የተኩስ ጌም የሰለቸው ጎልማሳ ምን ይጫወት?

በ48 ዓመትዎ ተኩስ ሰልችቶዎት የበሰለ ታሪክ ያለው ጌም ለጠየቁት፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው «ዲስኮ ኤሊዚየም» ይጀምሩ። ስሙን እንኳ የረሳ መርማሪ ፖሊስ ሆነው የሚጫወቱት ይህ ጌም የጣት ፍጥነት አይጠይቅም፤ ጉዳዩ በአብዛኛው የሚያልቀው በንግግርና በምርጫ ነው። ረጅም የእንግሊዝኛ ንባብ ግን ይጠብቅዎታል።

ንባቡ ከከበደዎት፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣውን የፖላንዶች ሥራ «ዲስ ዎር ኦፍ ማይን» ይሞክሩ። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የቦስኒያ ጦርነት ጊዜ ከነበረው የሳራዬቮ ከተማ ከበባ መነሻውን የወሰደ ሲሆን፣ የሚመሩት ወታደሮችን ሳይሆን በተከበበች ከተማ ውስጥ ምግብና መድኃኒት የሚያጡ ሰላማዊ ሰዎችን ነው፤ የራስን ታማሚ ለማዳን ከአቅመ ደካማ ሽማግሌዎች ቤት መስረቅ ወይም አለመስረቅ የእርስዎ ውሳኔ ይሆናል። እኔ ከሁሉም የማስበልጠው ይህን ነው።

በሽፋን ላይ በሚለጠፈው የ18 ዓመት ምልክት አይመሩ፤ እንደ ከባድ ጭካኔ ያለ ለልጆች የማይሆን ይዘት መኖሩን እንጂ የታሪኩን ብስለት አይነግርዎትም።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ሁለተኛው ጌም የደረሱበትን የሚያስቀምጠው በጌሙ ውስጥ አዲስ ቀን ሲነጋ ብቻ ነው። እኔ በምኖርበት አራት ኪሎ መብራት ድንገት ጠፍቶ በጌሙ ሌሊት ያደረግሁት የምግብና የመድኃኒት ፍለጋ ሁሉ ከንቱ ቀርቶብኛል፤ ስለዚህ የላፕቶፕዎ ባትሪ ከደከመ፣ መብራት በሚቆራረጥበት ምሽት ባይጀምሩት ይሻላል።