በሰው ሜዳ የሚጠፋው ልክ

ወንድማችን ያነሣው ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ በሰፈራቸው ሜዳ ጥሩ የሚጫወቱ ልጆች ወደ ሌላ ከተማ ሲሄዱ ቅብብላቸው ይበላሻል፤ በመጪው ወር ደግሞ ደብረ ማርቆስ ላይ ግጥሚያ አላቸው። ጎልፍ የሚጫወት ዘመዱ «አዲስ ሜዳ የማንንም ጨዋታ ያበላሻል» ብሎታልና፣ ይህ ነገር ለእግር ኳስም ይሠራል ወይ ብሎ ጠይቋል። እኔ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ለመምህራን ቡድን 14 ዓመት በቀኝ ተመላላሽነት ተጫውቻለሁ፤ ከዳንግላ እስከ ደጀን ያልረገጥሁት ሜዳ ጥቂት ስለ ሆነ የደረሰብኝን እጽፋለሁ።

ዘመድህ ያለው እውነት ነው። በጎልፍ የጉድጓዱ አፍ በየትኛውም አገር 10.8 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ሣሩ፣ ዳገቱ፣ አሸዋውና ውኃው ግን ከሜዳ ሜዳ ይለያያል። በእግር ኳስም ነገሩ ከምናስበው በላይ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ግቡ 7.32 ሜትር ስፋትና 2.44 ሜትር ቁመት እንዲኖረው ሕጉ ያዝዛል፤ ለሜዳው ግን ከ90 እስከ 120 ሜትር ርዝመት፣ ከ45 እስከ 90 ሜትር ስፋት ይፈቅዳል። አንዱ ሜዳ የሌላውን እጥፍ ሊሰፋ ይችላል፤ ሁለቱም ሕጋዊ ናቸው። የእኛን ሜዳ ስፋት በእርምጃ ስቆጥረው 62 ነበር፤ 80 እርምጃ በሚሰፋ ሜዳ ላይ እንደ ወትሮዬ ወደ ፊት ወጥቼ ስመለስ ከእረፍት በፊት ጉልበቴ አለቀ።

ከሁሉ የማልረሳው እንጅባራ ላይ የደረሰብኝን ነው። የእኛ ሜዳ ቀይ አፈር ነው፤ ከኅዳር በኋላ እንደ አውድማ ስለሚጠነክር ኳሷ ትንሽ ከነኳት ትሮጣለች። እንጅባራ የሄድነው መስከረም ሊያልቅ ሲል ነበር፤ ሌሊቱን ሲያካፋ አድሮ፣ ሰርዶው ቁርጭምጭሚት ይደርስ ነበር። ሩብ ሰዓት ሳንጫወት ከቀኝ መስመር ላይ ሆኜ ኳሷን ወደ በረኛችን በጎን እግሬ መለስሁ። ኳሷ መንገዷን ሳታጋምስ ውኃ የቋጠረው ሣር ያዛትና ቆመች፤ በረኛችን ልውጣ አልውጣ እያለ ሲያመነታ አጥቂያቸው ደርሶ ከመረብ አገናኛት። ከእረፍት በኋላ ደግሞ ስሕተቴን ልክስ ብዬ ኳሱን ሁሉ አብዝቼ ስመታ ሦስቱ ተከታትለው ከመስመር ወጡ። አሠልጣኛችን «የዛሬው እግርህ የማን ነው?» ብለው ጮኹብኝ። እግሩስ የራሴ ነበር፤ ለዓመታት በደረቅ መሬት ላይ የለመደውን የምት ልክ ይዞ መጥቶ ነው እንጂ። የእናንተም ልጆች ችሎታቸውን ባሕር ዳር ጥለው የሚሄዱ አይመስለኝም፤ የሚሳሳቱት ልኩን ነው።

ከአፈሩም የባሰ የሚያሳስተው ዓይን ነው። በሜዳችን ከቀኙ ማዕዘን ጀርባ አንድ ትልቅ ዋርካ አለ። ወደ ፊት ስሮጥ ዋርካው በዓይኔ ጥግ በኩል ብቅ ሲል ኳሷን አሻማ እንደ ነበር ለዓመታት ራሴም አላስተዋልሁም። የገባኝ ቡሬ ላይ ነው፤ በዚያ ሜዳ ዳር የነበረው ዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት የባሕር ዛፍ ረድፍ ስለ ነበር፣ የት እንደ ደረስሁ ሳልለይ ወይ ከሩቅ ቀድሜ አሻማለሁ፣ ወይ ኳሷን ይዤ ከሜዳ እወጣለሁ። በረኛም እንዲሁ ነው። በተለይ ቋሚው ከባሕር ዛፍ ተቆርጦ በዓይን ግምት በተተከለበት ሜዳ፣ እጁ የለመደው ቋሚ የሚጠብቀው ቦታ ላይ አይገኝም።

በብቸናና በደጀን በኩል ያለውን ዋልካ አፈር የረገጠ ያውቀዋል፤ በበጋ ይሰነጠቅና ኳሷን ወዳልታሰበ አቅጣጫ ያነጥራታል፣ ሲዘንብ ደግሞ ታኬታ ላይ እየተለጠፈ እግር ያስከብዳል። ስለ ከፍታም ብዙ ይወራል። ባሕር ዳር ወደ 1,800 ሜትር፣ ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ረጅም ምት ጥቂት ይርቃል፣ ጥምዝ ምትም እንደ ለመደው አይጠመዘዝም፣ ሯጩም ቶሎ ያለከልካል። ይሁን እንጂ ይህ ልዩነት ብቻውን ለሦስት ለባዶ ሽንፈት አያበቃም (ተሸንፈን ስንመለስ መኪና ውስጥ ጥፋተኛ የሚሆነው ግን ሁልጊዜ እርሱ ነበር)።

አንድ ነገር ግን ልጨምር፤ አዲስ ሜዳ ሁልጊዜ አይጎዳም። ዳንግላ ለመጀመሪያ ጊዜ ስጫወት በሕይወቴ ከተጫወትኋቸው ጥሩ ጨዋታዎች አንዱን ተጫወትሁ፤ ምንም ስለማላውቅ ኳስ ሳይደርሰኝ በፊት ቀና ብዬ እመለከት ነበር። የተበላሸሁት በሁለተኛው ጉዞ ነው። ሜዳውን አውቀዋለሁ ብዬ ሄድሁ፤ እኔ የማውቀው የጥርን ሜዳ ነበር፣ የሄድነው ግን በሰኔ ነው።

አሁን ወደ ማርቆሱ ጉዟችሁ ልምጣ። በእንጅባራና በቡሬ በኩል ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ስለ ሆነ በዋዜማው ብትደርሱ ይሻላል፤ ደርሳችሁም ጨዋታው በሚጀመርበት ሰዓት ሜዳው ላይ ውጡ። ያን ጊዜ ፀሐይዋ የየትኛውን በረኛ ዓይን እንደምትወጋና ሜዳው ወዴት እንደሚያዘነብል ታያላችሁ፤ ዕጣ ከወጣላችሁ የምታጠቁትን ግብ መምረጥ ትችላላችሁና ይህን ቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። ከዚያ ሁለት ሁለት ሆናችሁ በ20 እርምጃ ርቀት ኳሷን መሬት ለመሬት ተቀባበሉ፤ ሩብ ሰዓት ያህል ብትሠሩት እግር አዲሱን ልክ ይይዛል። በረኛው ለብቻው ከቋሚ እስከ ቋሚ ይመላለስ። በጨዋታው የመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎችም ወደ በረኛ የሚመለስ ኳስ ይቅርባችሁ፤ ይህን የምለው ከእንጅባራ በኋላ ነው።

የሜዳውን ጠባይ ለማወቅ ደግሞ ተጋጣሚያችሁን አትጠይቁ፣ እዚያ የሚውሉትን ልጆች ጠይቁ። ደጀን ላይ በግ ሲጠብቁ ያገኘናቸው ሁለት ልጆች ከግራው ግብ ፊት ለፊት ውኃ የሚያቁር ጎድጓዳ ቦታ እንዳለ በዱላቸው አሳዩን። አጥቂያችን በዚያ በኩል ኳስ መግፋት ትቶ ከሩቅ ሲመታ ዋለ፤ አንዷ ያቺው ጎድጓዳ ላይ ነጥራ በረኛቸውን አለፈችው።