«የአባት ስም» ወይስ «የቤተሰብ ስም»? ዋሽንግተን ስለሚለው መጠሪያ

ጥያቄ፦ «ስለ መጀመሪያው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የዘር ሐረግ የተጻፈ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ዋሽንግተን የሚለውን መጠሪያ ‹የቤተሰብ ስም› ብዬ ነበር፤ አርታዒዬ ግን በየቦታው ‹የአባት ስም› ብለው አረሙት። ‹ዋሺንግቶን› ብዬ የጻፍኩትንም ‹ዋሽንግተን› አደረጉት። ማናችን ነን ትክክል?»

መልስ፦ በመጀመሪያው ጉዳይ እርስዎ፣ በሁለተኛው አርታዒዎ ትክክል ናቸው። የመጀመሪያው ብዙ ዘመን ስሟገትበት የኖርኩት ነገር ስለሆነ ግን በአንድ መስመር ልተወው አልችልም። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አርታዒዎ የተከተሉት አስተያየት በትምህርት የበለጸጉ ደጋፊዎች አሉት። ክርክራቸው እንዲህ ነው፦ በአማርኛ ከግል ስም ቀጥሎ የሚጻፈው የአባት ስም ነው፤ በየመሥሪያ ቤቱ ቅጽ ላይም ለሁለተኛው ስም የተዘጋጀው ሣጥን «የአባት ስም» ይላል፤ ስለዚህ የእንግሊዞችንም ሁለተኛ ስም በዚሁ ብንጠራው አንባቢ አይቸገርም። እኔ የምለው ይህ አስተያየት ስሙ የተቀመጠበትን ቦታ ከስሙ ምንነት ጋር ያምታታል ነው። የጆርጅ ዋሽንግተን አባት ኦገስቲን፣ አያቱ ሎውረንስ፣ ቅድመ አያቱ ጆን ይባሉ ነበር። በእኛ ሥርዓት ቢጠራ ኖሮ ሰውየው ጆርጅ ኦገስቲን ሎውረንስ ይሆን ነበር እንጂ ዋሽንግተን የሚለው ቃል በስሙ ውስጥ አይገኝም። «የጆርጅ የአባት ስም ዋሽንግተን ነው» ብሎ የጻፈ ሰው ስለዚህ የአማርኛ አንባቢን የሚያሳስት ዓረፍተ ነገር ጽፏል፤ አንባቢው አባትየው ዋሽንግተን ተብሎ የተሰየመ ሰው ነው ብሎ ይረዳልና። ተከራካሪዎቼ እንደ ጆንሰን ያሉትን ስሞች በማስረጃነት ሊያቀርቡ ይችላሉ። ጆንሰን በመነሻው «የጆን ልጅ» ማለት መሆኑ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ ጆንሰን የሚባል ሰው አባቱ የግድ ጆን መሆኑ ከብዙ መቶ ዓመታት ወዲህ ቀርቷል።

ዋሽንግተን ደግሞ ሲጀመር የሰው መጠሪያ እንኳ አልነበረም፤ መካነ ስም ነበር። በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ፣ ከሰንደርላንድ በስተ ምዕራብ፣ በጥንቱ የዱራም ግዛት ውስጥ እስከ ዛሬ በዚህ ስም የምትጠራ ከተማ አለች። ቃሉ ሲተነተን በብዛት ተቀባይነት ባገኘው ፍቺ ሦስት ክፍል ይወጣዋል። የመጀመሪያው ኋሳ የተባለ የአንድ ሰው ስም ነው፤ የጥንቱን እንግሊዝኛ ድምፅ ለመጻፍ «ኋላ» የምንልበት ፊደላችን ልክክ ብሎ መግጠሙ ያስደስተኛል። ሁለተኛው «ኢንግ» የሚለው ምዕላድ ሲሆን፣ ከሰው ስም ጋር ተጣብቆ ያንን ሰውና የእርሱ የሆኑትን ወገኖች ያመለክታል። ሦስተኛው «ቱን» ነው። ይህ ቃል ቀድሞ አጥር ማለት ነበረ፤ ከዚያ የታጠረ ግቢ፣ ቀጥሎ እርሻና መንደር ማለት ሆነ፤ እንግሊዝኛ ዛሬ ከተማን የሚጠራበት «ታውን» የተገኘውም ከዚሁ ነው። የጀርመንኛ ዘመዱ «ጻውን» አሁንም አጥር ማለት ሲሆን፣ የሆላንድኛው ዘመዱ የአትክልት ቦታ ማለት ሆኗል።

ሁለተኛውን ክፍል በእንግሊዝኛ ለተማሪ ማስረዳት አድካሚ ነው፤ በአማርኛ ግን አንድ ቃል ይበቃዋል። «እነ ከበደ» ስንል ከበደን ብቻ ሳይሆን ከከበደ ጋር ያሉትን ሁሉ ማለታችን ነውና «እነ» የዚህ የ«ኢንግ» ትክክለኛ አቻ ነው፤ የእኛው ከስሙ በፊት፣ የእነርሱ ከስሙ በኋላ ከመምጣቱ በቀር። «ቱን»ንም ከግዕዙ «ቅጽር» የወረስነው «ቅጥር» ይተካዋል። እንግዲህ ዋሽንግተን ማለት «የእነ ኋሳ ቅጥር» ማለት ነው። ደጃች ውቤ ሰፈርን ወይም ራስ ካሳ ሰፈርን ለሚያውቅ አዲስ አበቤ የአሰያየሙ ዘይቤ እንግዳ አይሆንበትም።

የቦታው ስም ወደ ሰው የተላለፈው በ12ኛው መቶ ዘመን መገባደጃ ላይ ነው። በ1183 የዱራሙ ጳጳስ ርስታቸውን ባስመዘገቡበት መዝገብ ላይ ዊልያም የተባለ ባላባት ሃርትበርን የተባለውን ይዞታውን ለቅቆ በምትኩ ዋሽንግተንን እንደያዘ ተጽፏል። ሰውየው ቀድሞ «የሃርትበርኑ ዊልያም» ይባል የነበረ ሲሆን መሬቱ ሲለወጥ መጠሪያውም አብሮ ተለወጠ። በዚያን ጊዜ መጠሪያው ገና ስም ሳይሆን አድራሻ ነበር ማለት ይቻላል። በሰነዶቹ ላይ ከቦታው በፊት የሚገባው የፈረንሳይኛ «ደ» ከግዕዙ «ዘ» ጋር አንድ ሥራ አለው፤ እኛ አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ፣ አባ ሳሙኤል ዘዋልድባ እንደምንለው እነርሱም ዊልያም ዘዋሽንግተን አሉ። ልዩነቱ የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። የእኛ «ዘ» ሰውን ከቦታ ጋር አስተሳስሮ በዚያው ሰው ላይ ይቆማል፤ የእንግሊዞቹ «ደ» ግን ከጊዜ በኋላ ወደቀና ቦታው ብቻውን ለልጅና ለልጅ ልጅ የሚወርስ መጠሪያ ሆነ። ይህ ልማድ በእንግሊዝ የተስፋፋው ከ1066ቱ የኖርማኖች ወረራ በኋላ ሲሆን፣ በ1400 ገደማ አብዛኛው ሕዝብ የሚወረስ መጠሪያ ነበረው።

የሚወረስ ስም ከቦታው ተነቅሎ ይሰደዳል። ከዊልያም ዘሮች አንዱ ቅርንጫፍ ወደ ምዕራብ ወደ ላንካሽር ተሻግሮ ዋርተን በተባለች መንደር ተቀመጠ። ከዚያ የወጣው ሎውረንስ ዋሽንግተን በኖርዛምፕተን የሱፍ ነጋዴ ሆነ፤ የከተማዋም ከንቲባ ለመሆን በቃ፤ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ገዳማትን ዘግተው መሬታቸውን ሲሸጡም በ1539 የሰልግሬቭን ርስት ገዛ። ሰልግሬቭ ከዱራሟ ዋሽንግተን እጅግ የራቀ ቦታ ነው፤ በዚያ የተወለደ ልጅ ዋሽንግተን ሲባል መጠሪያው ስለ መኖሪያው አንዳች ነገር አይናገርም። ለሰዋስው ሰው ወሳኙ ቅጽበት ይህ ነው፤ መካነ ስሙ ሙሉ በሙሉ የሰው መጠሪያ ሆኗል። የሰልግሬቩ ሰው የልጅ ልጅ ልጅ፣ ሌላ ሎውረንስ፣ በኤሴክስ ግዛት የፐርሊ ደብር ካህን ነበር፤ በ1643 በእርስ በርሱ ጦርነት መካከል በመጠጥ ተከሶ ከደብሩ ተባረረ። ልጁ ጆን በትንባሆ ንግድ መርከብ ተቀጥሮ ወደ ቨርጂኒያ ሄደ፤ መርከቡ በ1657 በፖቶማክ ወንዝ ውስጥ ደለል ላይ ስትቀመጥ እርሱም እዚያው ቀረ፤ ሚስት አገባ፣ መሬት ያዘ። የጆርጅ ቅድመ አያት ይህ ጆን ነው። በዚያው ወንዝ ዳር የተቆረቆረችው ዋና ከተማ በ1791 ዋሽንግተን ተብላ ስትሰየም መካነ ስም የነበረው፣ የሰው መጠሪያ የሆነው ቃል ዞሮ መካነ ስም ሆነ።

አሁን ወደ ስያሜው ልመለስ። እውነቱን ለመናገር «የቤተሰብ ስም» የሚለውን ሐረግ ለረጅም ጊዜ አልወደድኩትም፤ እስከ ዛሬም ለጆሮዬ ይከብደኛል። ለተማሪዎቼ ሳስተምር የኖርኩት «የዘር ስም» እንዲሉ ነው። ዘር ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፈውን ነገር በአንድ ቃል ይይዛል፤ «ዘር ማንዘር» ከሚለው አነጋገራችን ጋር ይስማማል፤ ከዊልያም እስከ ጆርጅ ያለውንም ሐረግ በሚገባ ይገልጻል። ነገር ግን ዋሽንግተን የሚለው መጠሪያ ራሱ ይሞግተኛል። ጆርጅ ዋሽንግተን ከአብራኩ የወጣ ልጅ አልነበረውም። በ2000 በተደረገው የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ይህን መጠሪያ የያዙት ሰዎች 163,036 ሲሆኑ፣ ከእነዚህ 90 በመቶ ያህሉ ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። ብዙዎቹ የባርነት ቀንበር ሲሰበር ስሙን ራሳቸው መርጠው የያዙ ሰዎች ልጆች ናቸው እንጂ ከዱራሙ ባላባት የሚቆጠሩ አይደሉም። ለእነርሱ «የዘር ስም» ብል ሐሰት መናገሬ ነው።

ከሁሉም ይልቅ የቡከር ዋሽንግተን ታሪክ ክርክሬን አናግቶብኛል። በ1856 በባርነት የተወለደው ይህ መምህር በ1901 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ እንደሚተርከው፣ ትምህርት ቤት በገባበት ቀን ሌሎቹ ልጆች ሁለት ሁለት ስም ሲጠሩ እርሱ ቡከር ከሚለው በቀር ሌላ አልነበረውም፤ ተራው ሲደርስ ግን ተረጋግቶ «ቡከር ዋሽንግተን» አለ። የእንጀራ አባቱ ስም ደግሞ ዋሽንግተን ፈርጉሰን ነበር። ስለዚህ ልጁ የያዘው ያሳደገውን አባት የግል ስም ነው፤ አንድ የጎጃም ወይም የሸዋ ልጅ ስሙን ሲጠየቅ የሚያደርገውን አደረገ ማለት ነው። ከዋሽንግተኖች ሁሉ መካከል አርታዒዎ «የአባት ስም» ቢሉ የማልቃወማቸው ለዚህ ለአንዱ ብቻ ነው።

ታዲያ የሚቀረው «የቤተሰብ ስም» ነው፤ ሥርወ ቃሉን ስመረምርም የሚገባው ሆኖ አገኘሁት። «ቤተ ሰብእ» የቤት ሰዎች ማለት ነው፤ የግድ በሥጋ የተወለዱትን ብቻ አይልም። በዘፍጥረት ምዕራፍ 17 ከአብርሃም ቤተ ሰብ የሚቆጠሩት በቤቱ የተወለዱት ብቻ ሳይሆኑ በገንዘብ የተገዙትም ናቸው። እንግሊዝኛው «ፋሚሊ» የመጣበት የላቲን ቃልም ከ«አገልጋይ» የወጣ ሲሆን፣ መላውን ቤት ከነ ባሮቹ ያጠቃልል ነበር። ጆርጅ ዋሽንግተን በ1799 ሲሞት በርስቱ ላይ 317 ሰዎች በባርነት ይኖሩ እንደነበር ለሚያስታውስ አንባቢ ይህ የትርጉም ስፋት ተራ ነገር አይደለም።

አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን የሚሉትን «የመጨረሻ ስም» ግን አልቀበለውም። በእኛ አጻጻፍ በመጨረሻ የሚመጣው የአያት ስም ነው፤ እዚያ ተወልዶ የአያቱ ስም በሰነድ ላይ ለተተከለበት ልጅ ይሠራ ይሆናል፤ ለሌላው ግን ግራ ያጋባል።

ስለ ፊደሉ ባጭሩ ልበል። «ሽ» በሳድስ መጻፉ ትክክል ነው፤ ሽንኩርትና ሽንብራ ስንል ሳድሱ ከ«ሽ» በኋላ በራሱ ወደ ሣልስ ስለሚጠጋ «ሺ» አያስፈልግም። የመጨረሻው ፊደል ላይ ልቤ ከእርስዎ ጋር ነው፤ «ቶን» የሚለው ሳብዕ የጥንቱን «ቱን» ክብ አናባቢ ስለሚያስታውስ ደስ ይለኛል፤ ታላላቆቼም «ዋሺንግቶን» ሲሉ ሰምቼ አድጌአለሁ። ይሁንና እንግሊዝኛው ራሱ ይህን አናባቢ ካደበዘዘው ቆይቷል፤ ለደበዘዘው ድምፅም የእኛው ግዕዝ «ተ» ይቀርባል። ሕዝቡ ኒውተን፣ ቦስተን፣ ሂልተን እያለ ዋሽንግተንን ብቻ ለይቶ በ«ቶን» እንዲጽፍ ላስገድደው አልችልም።

የጽሑፍዎ መክፈቻ እንግዲህ እንዲህ ቢቆም ይስማማኛል፦ «ዋሽንግተን የሚለው የቤተሰብ ስም የተገኘው በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ ከምትገኝ መንደር ሲሆን፣ እነ ዋሽንግተን ከዚያ ተነሥተው በላንካሽርና በሰልግሬቭ በኩል ቨርጂኒያ ደርሰዋል።» አርታዒዎ «እነ»ን ሊሰርዙ ቢነሡ የኋሳን ቅጥር ያስታውሱልኝ።