ማታ ላይ የእንቅልፍ ኪኒንና ማስታገሻ ደርቦ መዋጥ፦ ጠይቁኝ

ጅማ ውስጥ ፋርማሲስት ነኝ። ጥያቄያችሁ ብዙ ስለሆነ መርጬ ልመልስ።

ጥያቄ፦ አባቴ ለወገባቸው ትራማዶል፣ ለእንቅልፍ ዲያዜፓም ይወስዳሉ። ሁለቱንም ሐኪም ነው ያዘዘው። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው እንጂ! ያዘዘላቸው አንድ ሐኪም ነው ወይስ ሁለት? ብዙ ጊዜ አንዱ ሌላው ያዘዘውን አያውቅም። ሁለቱም አንጎልን ያፈዛሉ፣ ሲደረቡ ደግሞ ትንፋሽን እስከማቆም ሊደርሱ ይችላሉ። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2016 ከባዱን ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍባቸው ያዘዘው ለዚህ ነው። «አንዱን ቀን፣ ሌላውን ማታ ቢወስዱስ?» አትበዪኝ፤ ዲያዜፓም ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ እንኳ አንድ ሁለት ቀን ይፈጃል፣ በዕድሜ በገፋ ሰው ላይ ደግሞ ይብሳል። ግን ለወራት ከለመዱት በራስሽ አታስጥያቸው፣ በድንገት ሲቋረጥ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንዘፍዘፍ ያመጣል። የዛሬ ማታውን ከመዋጣቸው በፊት ሁለቱንም ማሸጊያ በፌስታል ያዢና ሐኪም አማክሪ።

ጥያቄ፦ ፓራሲታሞልስ?

መልስ፦ ከእንቅልፍ ኪኒን ጋር አይጣላም። ጉበቱ ጤነኛ የሆነ አዋቂ ባለ 500 ሚሊግራሙን በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ አይለፍ። የጉንፋን ኪኒን ውስጥም ብዙ ጊዜ ስላለ እሱንም ቁጠሩት።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ከጫት በኋላ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ዲያዜፓም፣ ለራስ ምታቱ ደግሞ ትራማዶል እውጣለሁ። እስካሁን ምንም አልሆንኩም።

መልስ፦ ይሄ ጥያቄ ከጅማ ባይመጣ ነበር የሚገርመኝ። ምርቃናው ድካሙን ይሸፍንልሃል፣ አንተም አልሠራም ብለህ ትጨምራለህ። ሌሊት ጫቱ ሲለቅህ ኪኒኖቹ ገና እየሠሩ ነው። ጨብሲ ብለህ አረቄ ከጨመርክበት ሦስተኛ አፍዛዥ ገባ ማለት ነው። ትራማዶል ለራስ ምታት አይዋጥም፤ ውሃ ጠጣ፣ መቃሙንም በጊዜ ጨርስ። ዲያዜፓሙን በየቀኑ ከለመድከው ግን አወጣጡን ከሐኪም ጋር ተነጋገር።

ጥያቄ፦ ደርቦ የዋጠ ሰው አደጋ ላይ መሆኑን በምን ልወቅ?

መልስ፦ ስሙን ጠርታችሁ፣ ትከሻውን ነቅንቃችሁ ካልነቃ፣ ትንፋሹ ከተራራቀ፣ ሲያንኮራፋ ጉሮሮው ከተንገረገረ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ «ደክሞት ነው» ብላችሁ አትተዉት። በጎኑ አስተኙት። ወተት አታጠጡት፣ ወደ ሳንባው ይገባል። ባጃጅም ቢሆን ይዛችሁ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሩጡ፣ የኪኒኖቹንም ማሸጊያ ያዙ፤ ምን እንደዋጠ ካወቁ ማርከሻውን ለመምረጥ ጊዜ አያባክኑም።